ሽምግልና በሳስካችዋን

ሰሜን የሚባለው ነገር የት ላይ እንደሚያልቅ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። እኔ ሚኒያፖሊስ ላይ ያልቃል ብዬ ብዙ ክረምት ኖሬያለሁ። ማስረጃም ነበረኝ። ማታ ማታ ቴሌቪዥን ላይ ስለ አየሩ ጠባይ የሚያወራው ሰውዬ የሚቆምበት ካርታ ከእኛ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀጥ ባለ መስመር ይቆረጣል። ከመስመሩ በታች ከተማ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ቁጥር አለ። ከመስመሩ በላይ ግራጫ ቀለም ብቻ ነው። ሰውዬው ግን ብርድ በመጣ ቁጥር እጁን ወደዚያ ግራጫ ይዘረጋና "ይኼ ከካናዳ የመጣ ነው" ይላል። ስለዚህ ካናዳን የማውቃት እንደ ክፉ ጎረቤት ነበር፤ ፊቷን አይቼ አላውቅም፣ የምትልክብኝን ግን በየዓመቱ እቀበላለሁ።

ለነገሩ እኛ አበሾች አገር የምናውቀው በካርታ አይደለም፣ በሰው ነው። ስለ አንድ ከተማ ጠይቁን፤ ስለ ወንዙና ስለ ፋብሪካው ከማውራታችን በፊት "እዚያማ የአክስቴ ልጅ አለ" እንላለን። እኔ ዳላስን ረግጬ አላውቅም፣ ነገር ግን ዳላስ ማለት ለእኔ የስኳር በሽታ ያለባት የአክስቴ ልጅ ናት። ሰው የሌለንን አገር አናውቀውም። ካናዳ ደግሞ፣ እነ ቶሮንቶን ተዉትና፣ ስፋቷ ለጉድ ሆኖ አብዛኛው ቦታዋ ለራሷም ሰው የለውም ይባላል። ሰው የሌለበትን አገር በምን ታውቁታላችሁ?

እኔ በሽምግልና አወቅሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዮናታን የሟች ጓደኛዬ ልጅ ነው። አባቱ ካረፈ ጀምሮ፣ እኔ መኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ትኬት ስቀበል፣ እሱ ከትምህርት ቤት መጥቶ አጠገቤ የቤት ሥራውን ሲሠራ ያደገ ልጅ ነው። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ሆኗል። አንድ ቅዳሜ ፊሊፕስ ሰፈር ወዳለው ቤቴ መጣና ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ፤ ካልሲውን ሲጎትት ቆየ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ሄልፕ እንድታደርገኝ ነው" አለ በመጨረሻ። "ሜሮን የምትባል ልጅ አለች። ዊኒፔግ ነው የምትሠራው። አባቷ ግን ሳስካችዋን ነው የሚኖረው።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ስቴት በለው። ካናዳ ውስጥ ነው።"

"ልጅቷ ወዳሃለች?"

"አዎ።"

"ታዲያ ምን ቀረህ?"

"አባቴ በወጉ ሽማግሌ ካልተላከበት ንቅንቅ አልልም አለች። እምቢ ካለ ደግሞ እሱን አስከፍቼ አላገባም አለች። ሲሪየስ ናት፣ ጋሼ። የምልከው ሰው ደግሞ ካንተ ሌላ የለኝም።"

እንግዲህ የልጁ ትዳር በዚህ መንገድ እኔ እጅ ላይ ወደቀ። እኔን አታውቁኝም እንጂ ብታውቁኝ ለልጁ ታዝኑለት ነበር። ከቤት ስወጣ ምድጃውን አጥፍቼ፣ ደረጃውን ወርጄ፣ ጠፍቶ ይሆን ብዬ ተመልሼ ወጥቼ፣ እንደገና ስወርድ አውቶቡስ የሚያመልጠኝ ሰው ነኝ። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም። ሽማግሌ ሆኜ ሄጄም አላውቅ።

ሦስት ሆነን እንድንሄድ ነበር የታሰበው። ሦስተኛው ቄስ ነበሩ፤ በመጨረሻዋ ሰዓት ፓስፖርታቸው ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ተገኘና ቀሩ። የቀረነው እኔና ሐጂ ሰይድ ነን። ሐጂ ዕድሜውን በሙሉ ታክሲ ነድቶ ጡረታ የወጣ የወሎ ሰው ነው። ለክርስቲያን ልጅ ሙስሊም ሽማግሌ ይሄዳል ወይ የምትሉ ካላችሁ ወሎን አታውቁትም። ሐጂ የመረቀው ትዳር ሲፈርስ አልታየም ይባላል፤ እርግጥ ባልና ሚስቱ እሱን አፍረው ይሆናል።

ለመንገዱ እኔ ተዘጋጀሁ። አካፋ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ ቴምር፣ ውሃ፣ ለውሃው መጠቅለያ ፎጣ። ሐጂ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ አየና "ወርቁ፣ ልጅ ልንጠይቅ ነው ወይስ ልንሰደድ?" አለኝ።

ሰሜን ዳኮታ አድረን በማግስቱ ድንበር ደረስን። መስኮቱ ላይ የነበረችው ወጣት የድንበር ጠባቂ ናት። ሐጂ በታክሲ እንግሊዝኛው መለሰላት።

"ለምን ጉዳይ ነው የምትገቡት?"

"ሴት ልጅ ልንጠይቅ።"

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የሁለታችንንም ሽበት አየች። "ለማን?"

"ለአንድ ልጅ።"

"ልጁስ?"

"ሥራ ገብቷል።"

"ለምን ራሱ አይጠይቃትም?"

"እሷንማ ጠይቋታል፣ እሺ ብላለች። እኛ አባትየው ጋ ነን።"

"ዘመዶቹ ናችሁ?"

"አይደለንም።"

እኔ በቃ ልንታሰር ነው ብዬ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ፓስፖርቶቻችንን ይዛ ትንሽ አሰበች። "አባቴን እንዲህ አድርጎ የጠየቀው ሰው ቢኖር ደስ ይለው ነበር" አለችና መለሰችልን።

ከዚያ በኋላ አገሩ ተጀመረ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በረዶ የለበሰ ሜዳ ነው። ሜዳው ሲያልቅ ሌላ ሜዳ ነው። ቤት የሚታየው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ አንዱን አልፋችሁ ሌላው እስኪመጣ የጀመራችሁት ወሬ ያልቃል። የምፈራው ነገር ጠፋብኝና ይኸው ራሱ አስፈራኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ የምፈራው ሰው ነበር፤ ሌባ፣ ደንብ አስከባሪ፣ አከራይ። እዚህ የሚያስፈራው ሰው አለመኖሩ ነው።

አልፎ አልፎ መኪና ከፊት ለፊት ይመጣል። ነጂው ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ያነሳል። ሐጂ በታክሲ ዘመኑ ጣት ሲነሳበት ትርጉሙ ሌላ ስለነበር የመጀመሪያውን ሰውዬ በመስታወት እየተከተለ አጉረመረመ። ሁለተኛው ሲያነሳ መብራቴ ጠፍቶ ይሆናል አለ። በሦስተኛው ገባን፤ ሰላምታ ነው። ሰው ሲጠፋ የተገኘው ሁሉ ሰላም ይባላል ለካ። ከተማዋ ስንደርስ ሐጂ ለቆመ ትራክተር ሳይቀር ጣት እያነሳ ነበር።

ከተማ ያልኳት እንዲያው ለክብሯ ነው። ገና ከሩቅ የሚታይ ትልቅ የእህል ጎተራ፣ ከሥሩ የባቡር ሐዲድ፣ ከዚያ ጥቂት ቤቶች። አቶ መንገሻ፣ የሜሮን አባት፣ የሚሠሩት ጎተራው ውስጥ ነው። ከሱዳን በስደት ሲመጡ እዚያች ከተማ ያለች ቤተ ክርስቲያን ናት ያስመጣቻቸው። ሌላው አበሻ ሁሉ ትልቅ ከተማ ሲገባ እሳቸው ያስመጧቸውን ሰዎች ትቶ መሄድ ነውር መስሏቸው ቀሩ። ባለቤታቸውም እዚያው አረፉ፤ ልጃቸውም እዚያው አደገች።

ከመኪናው ስወርድ የአፍንጫዬ ፀጉር ሽቦ ሆነ። አቶ መንገሻ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው ናቸው። "ግቡ" አሉን፤ ገባን። "ተቀመጡ" አሉን፤ ቆምን። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም። ጫማ የሚወለቅባት ጠባብ መግቢያ ላይ ከነካፖርታችን ተደርድረን ላብ እያጠመቀን ሐጂ ንግግሩን ጀመረ። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ከሩቅ አገር መጥተናል አለ። የልጁን ጠባይ መመስከር የእኔ ተራ ነበር። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን "ልጁ ምድጃ ሳያጠፋ ከቤት አይወጣም" የሚል ነው።

አቶ መንገሻ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙን። "እግዜር ያክብርልኝ" አሉ። "ነገሩ ከባድ ነው። ከዘመድ ልመካከርበትና ሌላ ጊዜ ተመለሱ።"

ይህ መልስ ስድብ አይደለም፣ ደንብ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ የበዛችበት ይመስላል። አዲስ አበባ ቢሆን ሽማግሌው ታክሲ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ በሳምንቱ ይመለሳል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ግን ሳስካችዋንን አላዩአትም። እኔ ሳላስበው በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። በረዶ፣ ጎተራ፣ በረዶ። የትኛው ዘመድ?

ሐጂ ግን ደንብ አዋቂ ነው። "እንመለሳለን" ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ። እኔም ለዮናታን ምን እንደምለው እያሰብኩ ተከተልኩ። መኪናው ውስጥ ገባን። ሐጂ ቁልፉን አዞረ። ዝም። እንደገና አዞረ። ዝም።

"ሞተች" አለ ሐጂ።

የመለሰንን በር መልሰን አንኳኳን። አቶ መንገሻ ከፈቱ።

"ተመለሳችሁ?"

"መኪናዋ አልነሳ አለች" አለ ሐጂ።

"እንደ ሽማግሌ ነው የመጣችሁት?"

"ኧረ እንደ በረደው ሰው ነው።"

"እንደ በረደው ሰው ከሆነ ግቡ። እዚህ አገር የበረደው ሰው አይመለስም።"

ስንገባ አንድ ነገር አስጠነቀቁን። ሽማግሌዎቹ ሄደዋል፤ የእነሱ ጉዳይ ዛሬ በዚህ ቤት አይነሳም። እኛ እንግዶች ነን፣ ስለዚህ አንተ እንባባል። እኔም ከዚህ በኋላ የምጽፈው እንደ ሰዓቱ ነው፤ ደንብ ላይ ሲሆኑ አቶ መንገሻ አሉ፣ ቤታቸው ሲሆኑ መንገሻ አለ።

መንገሻ ቁልፉን ከሐጂ ተቀበለና መኪናዋን ሊያይ ወጣ። ቆይቶ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ ገባ። "ሞታለች" አለ። "ጋራዥ ውስጥ ገፍቼ አስገብቻታለሁ። መካኒክ እጠራለሁ፣ ግን ሩቅ ነው ያለው።"

"ብቻህን ገፋሃት?" አልኩት።

"ቁልቁለት ነው።"

እራት ምስር ወጥ ሠራልን። ለሐጂ ሥጋ እንደማይሆን ሳይጠይቅ አውቋል። ምስሩ ከእሱ ጎተራ ነው፤ ያ ሜዳ ሁሉ በበጋ ምስር ነው አለን፣ በመርከብም በባቡርም የሚሄደው ከዚህ ነው አለን። እኔ ፊሊፕስ ካለው ሱቅ በየጾሙ የምገዛው ቀይ ምስር ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አላውቃትም ያልኳትን አገር ስንት ዓመት ስበላት ኖሬያለሁ።

ሰሃኑ ከተነሳ በኋላ መንገሻ ጎሮሮውን ጠረገ።

"እናንተ እንግዶቼ፣ ዛሬ አንድ ነገር ገጠመኝ። ሽማግሌ መጣብኝ።"

እኔ ደነገጥኩ። ሐጂ ግን ወዲያው ገባው። "እሰይ" አለ። "ስንት ናቸው?"

"ሁለት።"

"ሦስት አይሆኑም እንዴ?"

"የሦስተኛው ፓስፖርት ጊዜው አልፎበት ነው አሉ።"

"ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?"

"ደህና ሰዎች ይመስላሉ። አንደኛው ብዙ ያወራል። አንደኛው ብዙ ይፈራል።"

"የሚፈራው ይሻላል" አልኩ እኔ።

"ከዘመድ ልመካከር ብዬ መለስኳቸው" አለ መንገሻ። "ዘመድ ግን የለኝም። ዛሬ ቤቴ የምታድሩት እናንተ ናችሁ። እስቲ ምከሩኝ።"

ሐጂ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

መንገሻ ቀጠለ፤ ድምፁን አላነሳም። "ልጁን አልጠላሁትም፤ በስልክ አነጋግሬዋለሁ፣ ጨዋ ነው። አሁን ሜሮን በወር አንዴ ትመጣለች። ሚኒያፖሊስ ከሄደች እንግዲህ ታውቁታላችሁ። የከተማዋ መግቢያ ላይ የነዋሪው ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ አይታችኋል? ባለቤቴ ስታርፍ ሰሌዳውን አልቀየሩትም። እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር አንድ እቀንሳለሁ። ዊኒፔግ ያለችውን አልቀነስኩም ነበር።"

ሰው በበዛበት አገር አንድ ሰው ሲሄድ ቦታውን ሌላ ይሞላዋል፤ የሄደውን የሚያውቀው እናቱ ናት። እዚያ ግን የሄደው ሰው ቦታ እንደዚያ ሜዳ ከሩቅ ይታያል። ይህ ገባኝ። ችግሩ ሌላውም ገብቶኛል። ዮናታን ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። ስጣት ብል ሽማግሌው ነው የተናገረው፣ እንግዳው አይደለም። ምክር ለጠየቀኝ ሰው ደግሞ የራሴን ጉዳይ ምክር ብዬ መሸጥ አልችልም። ላቤን ጠረግሁ።

"እኔ አባት ብሆን እሰጣት ነበር" አልኩ። "ግን እንዲሁ አልሰጥም። የሠርጉ መልስ በእኔ ቤት ይሁን እላለሁ። ሙሽሮቹ ብቻ ሳይሆኑ አጃቢው በሙሉ እዚህ ድረስ ይምጣ፣ መንገዱን ይወቀው። መንገዱን አንዴ ያወቀ ሰው ሁለተኛ ሩቅ ነው ብሎ አይቀርም። እምቢ ካሉ አልሰጥም።"

ሐጂ ከጠረጴዛው ሥር ረገጠኝ።

"ሽማግሌዎቹ ይችሉታል?" አለ መንገሻ።

"የሚያወራው ይችለዋል።"

ጠዋት እንደ ልማዴ ሐሳብ ቀሰቀሰኝ። መካኒኩ ባይመጣስ ብዬ ካፖርቴን ደርቤ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። በሩን ከፈት ሳደርገው መኪናችን ሞተሯ ተነስቶ እያንጎራጎረች ነው። መንገሻ ውስጧ ተቀምጧል። ሲያየኝ አጠፋት።

"ብርዱ እንዳይገድላት እያሞቅኳት ነው" አለ።

"ሞታለች አላልክም?"

"ብያለሁ።"

ወደ ጋራዡ ወለል አየሁ። ወደ ግቢውም አየሁ። ያ አገር እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው፤ ቁልቁለት የሚባል ነገር የለውም።

"ሰይድ ያውቃል?" አለኝ።

"አያውቅም።"

"አትንገረው።"

"ምኑን?" አልኩት።

ከቁርስ በኋላ ሐጂ ደንቡ ይሟላ ብሎ ካፖርት አስለበሰኝና ወጣን፤ በሩን ከኋላችን ዘጋን፣ ዞረን አንኳኳን። አቶ መንገሻ ኮት ለብሰው ከፈቱ። ቆምን። ሐጂ የትናንቱን ንግግር አንድ ቃል ሳይቀንስ ደገመው።

"ዘመዶቼን አማክሬያለሁ" አሉ አቶ መንገሻ። "ስጥ አሉኝ። ነገር ግን መልሱ እዚህ፣ በእኔ ቤት ነው። አጃቢው በሙሉ ይመጣል። ይህን ከቻላችሁ ልጄን ሰጥቻለሁ።"

ሐጂ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። "እነዚህ ዘመዶችዎ ጨካኞች ናቸው" አለ።

"አንደኛው ነው" አሉ አቶ መንገሻ።

ተስማማን። እኔ ወዲያው መጨነቅ ጀመርኩ፤ ያን ሁሉ ሰው በስንት መኪና፣ ስንቱ ፓስፖርት አለው፣ ሕፃናቱ የት ያድራሉ። ግን "አሁን ተቀመጡ" ስንባል ተቀመጥን፤ እንደዚያ ጣፍጦኝ የተቀመጥኩበት ወንበር የለም። ሐጂ ሁለት እጁን ዘርግቶ መረቀ። ቤታቸው ይሙላ አለ፣ ልጆቻቸው በአያታቸው ጉልበት ላይ ይደጉ አለ፣ ይህ ሜዳ ምስር ብቻ ሳይሆን ሰው ያብቅል አለ። አሜን የምንለው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። አቶ መንገሻ የመጨረሻውን አሜን ሳይጨርሱት ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ትንሽ ቆይተው ለመንገድ የሚሆን ምስር በከረጢት ይዘው ወጡ።

መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሳች።

"መካኒኩ በማለዳ መጥቶ ነበር" አለ መንገሻ ከመስኮቱ ጎንበስ ብሎ።

"እጁ ይባረክ" አለ ሐጂ።

ከከተማዋ ወጥተን ብዙ ከሄድን በኋላ ሐጂ "ወርቁ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቆጣ" አለኝ። "መኪናዋ ምንም አልሆነችም ነበር።"

የጋራዡን ነገር ሰምቶ ነው ብዬ የመኪናውን ቀበቶ ጨበጥኩ።

"ማርሹን መንጃው ላይ አድርጌ ነው ቁልፉን ያዞርኩት" አለ። "እንደዚያ ከሆነ መኪና አይነሳም። አንተ ስለማትነዳ አታውቅም። ከበሩ ስንወጣ የሰውየውን ፊት አላየኸውም፤ እኔ አይቻለሁ። ሂዱ እያለ ዓይኑ ይከተለን ነበር። ደግሞም ያኔ ብንሄድ አንተ ሁለተኛ ከቤትህ አትወጣም።"

"ቁልፉን ሲወስድስ አልፈራህም?"

"እንዴት አልፈራ። ያዘኝ ብዬ ነበር። ተመልሶ ሞታለች ሲል ነው ነፍሴ መለስ ያለችው። ምስኪን፣ መኪና የሚባል ነገር አያውቅም።"

እኔ በመስኮቱ ወደ ሜዳው ዞርኩ። ቃል ገብቻለሁና ምን እላለሁ?

ድንበሩን ስንሻገር ስልኬ መሥራት ጀመረ፤ ወዲያውም ጮኸ። ዮናታን ነው። ሰጡን ስለው ስልኩን አፍኖ ያለቀሰ ይመስለኛል። መልሱ ሳስካችዋን ነው ስለው ግን ድምፁ ተመለሰ።

"ሁሉም ሰው? እዚያ ድረስ? ማነው ይኼን ያመጣው?"

"ዘመዶቻቸው" አልኩት።

"ኦኬ፣ ኦኬ፣ ምንም አይደል። ትናንት ግን ለምን አልተመለሳችሁም? እዚህ በጭንቀት ልሞት ነበር።"

"መኪናዋ ሞታብን።"

"ማን ሠራላችሁ?"

"ሁለት መካኒኮች" አልኩት፣ "አንዳቸውም ሳይነኳት።"

ሐጂ ከመንገዱ ላይ ዓይኑን አንስቶ አየኝ። "ሁለት?" አለ።

"ፊት ፊትህን እያየህ ንዳ" አልኩት።